አገዳ ቆርቁርን የምታጠፋው ታናሽ ተርብ

ከጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ዝቅ ብለው በሚገኙት የሚኤሶና የአሰቦት ቆላማ አካባቢዎች የአርሶ አደሩ እንጀራ በማሽላና በበቆሎ ላይ የተመሠረተ ነው። የእነዚህ ሰብሎች ብርቱ ጠላት ደግሞ አገዳ ቆርቁር ነው። ከዝርያዎቹ አንዱ፣ ኪሎ ፓርቴለስ የተባለው፣ ከእስያ የመጣና ሞቃታማ ቆላን የሚወድ ተባይ ነው።

ይህን ተባይ የምታጠቃው ኮቴሲያ ፍላቪፔስ የተባለች ጥገኛ ተርብ ናት። ርዝመቷ 3 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ገላዋ ጥቁር፣ እግሮቿ ቢጫማ ናቸው፤ ሰውን አትነድፍም። የትሉን ዓይነ ምድር በሽታው ተከትላ ወደ ተቦረቦረው አገዳ ትገባና በትሉ ገላ ውስጥ በርካታ እንቁላሎች ትጥላለች። የሚፈለፈሉት እጮች ትሉን ከውስጥ እየተመገቡ ያድጋሉ፤ ከዚያም ወጥተው በአገዳው ውስጥ ነጭ ድር ይፈትላሉ፤ ትሉም ይሞታል።

ዓለም አቀፉ የነፍሳት ምርምር ማዕከል (ኢሲፔ) ይህችን ተርብ ከፓኪስታን አምጥቶ በ1993 እ.ኤ.አ. በኬንያ ጠረፍ ለቀቃት፤ በኋላም በሶማሊያ ተለቀቀች። በኢትዮጵያ ማንም ሳይለቃት በማሳ ጥናት ተገኝታለች፤ ከጎረቤት ተሻግራ እንደ መጣችም ይታመናል። ቀዝቀዝ ባለው ደጋ ግን ሌላ አገር በቀል ቆርቁር አለ፤ እርሱንም ኮቴሲያ ሴሳሚየ የተባለች የቅርብ ዘመዷ ታጠቃዋለች።

ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት ይህን የምንገልጸው ያለ ምክንያት አይደለም። ለጫትም ሆነ ለማሽላ የሚረጭ ፀረ ተባይ፣ አገዳ ውስጥ የተሸሸገውን ትል ሳይደርስበት፣ በውጭ የምትበረውን ተርብ ይገድላል። ስለዚህ ሕዝቡን ስታስተምሩ ሦስት ነገሮችን አሳስቡ፦

አንደኛ፣ አገዳ ሲሰነጠቅ የሩዝ ቅንጣት የመሰለ ነጭ ክምር ቢገኝ፣ የተባይ እንቁላል ነው ተብሎ እንዳይደመሰስ፤ የተርቧ ልጆች ማደሪያ ነውና።

ሁለተኛ፣ ፀረ ተባይ የግብርና ባለሙያ ሳይመክር እንዳይረጭ።

ሦስተኛ፣ ለማገዶና ለመኖ የሚቀመጠው አገዳ ወዲያው ቆሞ ከሚከመር ይልቅ፣ አስቀድሞ በማሳው ላይ ተነጥፎ ለሳምንታት ፀሐይ እንዲመታው፤ በውስጡ ተደብቆ የሚከርመው ትል በሙቀቱ ያልቃልና።

የበካር ተርብ ምግብ የአበባ ማር ስለሆነ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዙሪያ የሚጠበቁ አበባማ ተክሎች ለእነዚህ ረዳት ነፍሳት ይጠቅማሉ። ቅጥሩን ስንጠብቅ የጎረቤትን ማሳም እንጠብቃለን።