የዐቢይ ጾም 55 ቀን ባዳነኝ ነበር

አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ ባለፈው ዓመት በሰው እጅ አንድ ካርቶን ላከችልኝ። ሦስት ቆርቆሮ ዱቄትና ሁለት ብልቃጥ እንክብል፣ ከላዩም በእጇ የጻፈችው ትእዛዝ፦ ወተት ተዪ፣ ሥጋ ቀንሺ፣ ስንዴና ገብስ እንዳትነኪ። ደባርቅ ተቀምጦ ገብስ አትንኪ! ቆሎው ገብስ፣ በሶው ገብስ፣ ጠላው ገብስ። ወተቱንስ ቢሆን በዓመት ከ180 ቀን በላይ እጾመዋለሁ። ወተት መተው ይህን ሕመም የሚያድን ቢሆን ኖሮ የዐቢይ ጾም 55 ቀን ባዳነኝ ነበር።

ሕመሜ ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል። የማሕፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማሕፀን ውጭ፣ በእንቁላል ማምረቻው፣ በአንጀት ወይም በፊኛ ላይ ይበቅላል። ወር በመጣ ቁጥር እሱም ያብጣል፣ ይደማል፤ ደሙ ግን መውጫ የለውም። አካባቢው ይቆጣል፣ ጠባሳ ያወጣል፣ ውሎ አድሮም አንዱ የሆድ ዕቃ ከሌላው ይጣበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውለጃ ዕድሜ ካሉት ሴቶች 10 በመቶ ያህሉ፣ 190 ሚሊዮን ገደማ፣ ይህ አለባቸው።

ተወልጄ ያደግሁት ዳባት ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በወረዳችን ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ይመዘግባል። ልጅ ሳለሁ መዝጋቢው ደጃችን ቆሞ እናቴን ስንት እንደወለደች ሲጠይቃት፣ እኔ ጓዳ ውስጥ ሆዴን ይዤ ተጠቅልዬ ነበር። ቢጠይቀኝም "ደህና ነኝ" ነበር የምለው። የወር አበባ ነገር ለወንድ ይነገራል?

እናቴ "ስትወልጂ ይተውሻል" አለችኝ። ወለድሁ፤ እውነትም ተወኝ! ልጄን ሳጠባ ዓመት ከመንፈቅ አበባዬ አልመጣም፣ ቁርጠቱም አብሮ ጠፋ። እናቴ "አላልሁሽም?" ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች። ጡት ባስጣልሁ በሦስተኛው ወር ግን ወለል ላይ አነጠፈኝ። የእናቶቻችን አባባል እንዲሁ ከመሬት የተነሣ አይደለም። በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ ሆርሞኑ ስለሚለወጥ ያ ሥጋ ሊያንቀላፋ ይችላል። አንቀላፋ እንጂ አልሞተም።

ከዚያ ጨጓራ ተባልሁ፣ የሽንት ኢንፌክሽን ተባልሁ፣ ታይፎይድማ ስንቴ! ጠበልም ገብቻለሁ። አልትራሳውንዱ "ምንም የለም" አለ፤ ስስ ሆኖ የተበተነው ዓይነት በአልትራሳውንድ ላይታይ እንደሚችል ያኔ አላወቅሁም። በመጨረሻ ጎንደር ያገኘኋት ሐኪም መሣሪያ ሳታነሣ ወንበሯን አስጠጋችና "መቼ መቼ ነው የሚያምሽ?" አለችኝ። ስጸዳዳስ? መኪና ሲያንገጫግጨኝስ? "ከባለቤትሽ ጋር ስትሆኚስ?" ስትለኝ አለቀስሁ። ስድስት ዓመት በትዳር ስኖር ይህን የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም ለራሱ ለባለቤቴ አልነገርሁትም።

የአክስቴ ልጅ ካርቶን የመጣው ፋንክሽናል ሜዲስን ከሚሉት መንገድ ነው። ጄፍሪ ብላንድ የሚባል የባዮኬሚስትሪ ባለሙያ በፈረንጆቹ 1991 አሜሪካ ውስጥ ተቋም ከፍቶ ያስፋፋው ነው፤ በሽታን ከነሥሩ፣ አካልን እንደ አንድ አድርጎ ማየት ይላል። ሐሳቡን አልጠላሁትም፤ ያቺ ሐኪም በጥያቄዋ ያደረገችው ይህንኑ ነበር። አብሮት የሚሸጠው ዱቄት ግን ያንን ሥጋ አያጠፋውም። ጨርሶ የሚነቅለው መድኃኒት እስካሁን የለም።

ሐኪሟ ካቀረበችልኝ ምርጫዎች የሦስት ወሩን መርፌ ወሰድሁ። እዚህ ጤና ኬላ ሁሉም ሴት ለወሊድ መከላከያ የሚያውቀው መርፌ ነው፤ የእንቁላሉን ሥራ አቁሞ አበባውን ያሳሳል። አማቴ ሰምተው "በአንድ ልጅ ልትቀሪ ነው?" ብለው ሳምንት ሙሉ አኮረፉኝ። ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም፤ መርፌው ከቆመም በኋላ ማርገዝ ለወራት ሊዘገይ ይችላል። ተመካክረን፣ አውቀን ገባንበት።

የቀረውን በቤቴ ዕቃ ነው የያዝሁት። የሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልቼ፣ በነጠላ ጠቅልዬ እምብርቴ ሥር አደርጋለሁ። የፈላ ከተጨመረበት ይጨማደዳል፤ ሁለት አበላሽቻለሁ። ኢቡፕሮፌን ቁርጠቱ እስኪጸና ሳልጠብቅ፣ ገና ሲጀምረኝ እውጣለሁ። በባዶ ሆድ ጨጓራ ስለሚጎዳ ለነፍስ አባቴ ነገርኋቸው፤ "መድኃኒት በምትውጪበት ቀን ቅመሺ" አሉኝ። ተልባ ከብዙ ውሃ ጋር እጠጣለሁ፤ ድርቀቱ ሲለቅ ስጸዳዳ ያለው ሕመም ይቀልልኛል፣ ሌላ ተአምር የለውም። ከባድ ሆኖ ያገኘሁት ቡናው ነው። ደሜ አንሶ ስለነበር ምሳ እንደበላሁ መጠጣት ተከለከልሁ፤ ቡና የምግቡን ብረት አካል እንዳይወስደው ያግዳልና። አንድ ሰዓት ዘግይቼ ስመጣ ጎረቤቶቼ ኮራች አሉ። ሕመሙን ፈርቼ ለዓመታት የታችኛውን ሆዴንና ጭኔን አጥብቄ ይዤ እኖር ነበር፤ በረጅሙ ተንፍሶ ማላላትን በሠላሳ ዓመቴ ተማርሁ።

ቀኑን፣ የሕመሙን ልክ፣ የበላሁትንና የተኛሁትን በደብተር እጽፋለሁ። ለሐኪሟ ከአንደበቴ ይልቅ ደብተሩ ይናገራል።

በቀደም አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ ዴስኩ ላይ ተደፍታ አገኘኋት።

"ታይፎይድ ነው አሉኝ፣ ቲቸር።"

"በየወሩ?" አልኋት።

ቀና ብላ አየችኝ። ከደብተሬ ንጹሕ ቅጠል ቀድጄ፣ ቀንና ሕመም የሚጻፍበት መስመር አሰምሬ ሰጠኋት።