ፌይራ ታምሊንን ለምን ተወችው?

አንባቢ አንዴ «እነዚህ ሁለቱ ይጋቡልኝ» ብሎ ከተመኘ ሐሳቡን ማስቀየር ከባድ ነው፤ ያኮርፋል። አሜሪካዊቷ ሳራ ጄ. ማስ ግን በመጀመሪያው መጽሐፍ ያስወደደችንን ሰው በሁለተኛው አስጥላን፣ ያስጠላችንን አስወደደችን። እንዴት እንዳደረገችው ላሳያችሁ። ታሪኩን ስለምዘረግፈው፣ ልታነቡት ያሰባችሁ ካላችሁ እዚህ ላይ ቁሙ።

እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው «ኤ ኮርት ኦቭ ቶርንስ ኤንድ ሮዝስ» ውስጥ ፌይራ የምትባል ድሃ ወጣት ቤተሰቧን ለማብላት ስታድን አንድ ተኩላ ትገድላለች። ተኩላው መልኩን ለውጦ የመጣ ፌይ ነበር፤ ፌይ የሚባሉት ባለ አስማትና ዘመን የማይቆጥሩ ፍጡራን ናቸው። ከገዢዎቻቸው አንዱ የሆነው ታምሊን በደሙ ዕዳ ወደ ግዛቱ ይወስዳታል። እየዋለ እያደረ ትወደዋለች፤ ከእርግማን ልታድነውም እርግማኑን ባደረሰችበት በጨካኟ አማራንታ ፊት ሦስት ፈተና ትቀበላለች።

ዘዴው ያለው እዚህ ነው። ፌይራ ክንዷ ቆስሎ በእስር ስትማቅቅ የሚፈውሳት ክፉ የተባለው ሌላ የፌይ ገዢ፣ ራይሳንድ ነው፤ ያውም በየወሩ አንድ ሳምንት እሱ ዘንድ እንድትቆይ ተዋውሎ። ማንበብ ስለማትችል በሁለተኛው ፈተና ላይ ግራ ገብቷት ስትቆም፣ እጇ ወደ ስህተቱ ሲሄድ መዳፏን እያሳመመ የሚመልሳትም እሱ ነው። ታምሊን ግን ብቻዋን ሲያገኛት ይስማታል እንጂ ለማስመለጥ አይሞክርም። በመጀመሪያው ንባብ ይህ ፍቅር መስሎን እናልፈዋለን። ተመልሳችሁ ስታነቡት ግን ማስረጃው ሁሉ ፊታችን ተቀምጦ እንደነበር ይገባችኋል።

በ2016 በወጣው ሁለተኛው መጽሐፍ ፌይራ በመጀመሪያው መጨረሻ ሞታ የተነሣች፣ እሷም ፌይ የሆነች ሴት ናት። በፈተናው ንጹሐንን ገድላለች፤ ሌሊት ቅዠት ያባንናታል፣ ያስመልሳታል፤ እሷና ታምሊን ግን ስለዚህ አይነጋገሩም። እሱ የሚያውቀው መጠበቅን ብቻ ነው፤ በመጨረሻም በአስማት ቤት ቆልፎባት ይሄዳል። ራይሳንድ በአንጻሩ ማንበብ ያስተምራታል። በእኔ እምነት ታምሊን ብዙም አልተለወጠም። የተራበችው ልጅ መጠለያ ያስፈልጋት ነበር፤ እስር የቀመሰችው ሴት ግን የተዘጋ በር አትችልም። የተለወጠችው እሷ ናት፤ ለዚህም ነው ለውጡ የሚያሳምነው።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ራይሳንድ በዕጣ ፈንታ የተሰጣት አጣማጇ መሆኑ በኋላ ይገለጣል። ዕጣ ከወሰነ የእሷ ምርጫ ምን ዋጋ አለው? ደራሲዋም ጥያቄው እንደሚነሣ የገባት ይመስለኛል። ፌይራ ምስጢሩን ደብቆኛል ብላ ተቆጥታ ተራራ ላይ ወዳለች ጎጆ ትሄዳለች። በፌይ ልማድ ሴቲቱ ለአጣማጇ ምግብ ካላቀረበች ትስስራቸው አይጸናም። ራይሳንድ ሲመጣም ሾርባው ሞቆ እያለ አትሰጠውም፤ መጀመሪያ የደበቀውን ሁሉ ከሥር ከመሠረቱ ታስነግረዋለች። «ብላ» የምትለው ሰምታ ከጨረሰች በኋላ ነው።