ከወላለቀ በር የልጅ መደርደሪያ

መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ አንድ ጎረቤቴ ቤታቸውን ሲያድሱ የዋንዛውን በር ነቅለው ለማገዶ ሊፈልጡት መጥረቢያ አንሥተው አገኘኋቸው። ማጠፊያ የለውም፤ የሚዞረው ከራሱ ገላ ተቀርጾ በወጣ ጉጥ ነው። «ጋሼ፣ ይስጡኝ፤ በምትኩ የባሕር ዛፍ ፍልጥ አመጣለሁ» አልኋቸው። ዛሬ የልጄ መጻሕፍት ተደርድረውበታል።

ሥራው ሁለት ጎን፣ ሦስት እርከን፣ ኮላና ምስማር ነው። የላይኛው እርከን ከ1 ሜትር አይብለጥ፤ የሰባት ዓመት ልጅ ሳይንጠራራ ይደርስበታል።

ሰው የሚሳሳተው በእንጨቱ ነው። «አሮጌ እንጨት ምን ይሠራል?» ይላል፤ ከዚያ ሄዶ ትኩስ ጣውላ ይገዛል። እኔም የመጀመሪያውን መደርደሪያ እንዲያ ነበር የሠራሁት፤ በጋ ሲገባ መገጣጠሚያው ሁሉ አፉን ከፈተ። ገና የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ሊሆን ይችላል። ውኃው ሲወጣ ጣውላው በቁመቱ እምብዛም አያጥርም፤ በወርዱ ግን ይኮማተራል። ያውም እኩል አይደለም፤ የዛፉን ዙሪያ ተከትሎ የሚኮማተረው፣ ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ከሚኮማተረው ይበልጣል። ጣውላ የሚጣመመው በዚህ ነው፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ይብስበታል። ስንት ክረምት ያበጠ፣ ስንት በጋ የተኮማተረ በር ግን ሊሰነጠቅ ያለው ተሰንጥቆ አልቋል። ስንጥቁን አይቶ ዙሪያውን መቁረጥ ነው። ዋንዛ ሲሆን ደግሞ በመላጊያ አንዴ ሲገፉት ያ ቀላ ያለ ልቡ ብቅ ይላል። ይህን ለምጣድ ማንደድ ያሳዝነኛል።

ምስማሩን አንድ ሳታስቀሩ በጉጠት ንቀሉ። ሲያንኳኩት ትኩስ ዱቄት የሚያረግፍ ከሆነ ነቀዝ አለበትና ተዉት። ቀለም የተቀባውን በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ አትፈግፍጉ፤ በድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል፣ አቧራው ለሕፃን ክፉ ነው።

በአንድ ነገር ግን እቈጣለሁ፦ መደርደሪያን ግድግዳ ላይ ሳያስሩ ማቆም። ልጅ እንደ መሰላል ይወጣበታል። ጭቃ ምስማር አይዝም፤ ግድግዳውን እያንኳኳችሁ ቋሚውን ፈልጉና እሱ ላይ ምቱ።

ስም መቅረጽ የመጨረሻው ሥራ ነው። የልጄ ስም በ«መ» ይጀምራል። ሁለቱ ቀለበቶች አመሻሹን ሙሉ ፈጁብኝ፤ መሮው ትንሽ ከተገፋ መሃሉ ላይ የቀረችው እንጨት ተፈንቅላ ትወጣለች።

የቀድሞዎቹ ሰዎች መጽሐፍን በቆዳ ማኅደር ከትተው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉት ነበር። እኔም የበሩን ጉጥ ሳልቆርጥ በመደርደሪያው ጎን ተውኩት፤ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን እሱ ላይ ታንጠለጥላለች።