ከነርቭ ሕዋስ ወደ ሰው ሠራሽ መረብ፦ የተዋስነውና የተውነው



ተማሪዎቼ ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ፤ «ሰው ሠራሽ የነርቭ መረብ በእርግጥ አንጎልን ይመስላልን?» መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ሐሳቡን ከአንጎል ተውሷል፤ አንጎል ግን አይደለም። ልዩነቱን ማወቅ ለምን እንደሚያስፈልግ በመጨረሻ አሳያለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሕዋሱ እንጀምር። የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት አሉት። አንድ ሕዋስ ዴንድራይት በተባሉ ቅርንጫፎቹ ከሌሎች ሕዋሳት መልእክት ይቀበላል። የተቀበለው ድምር ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ አክሶን በተባለው ረጅም ዘንግ የኤሌክትሪክ ምት ይልካል። ምቱ ከጫፍ ሲደርስ ሲናፕስ በምንለው ጠባብ ክፍተት ውስጥ ኬሚካል ይለቀቃል፤ ቀጣዩን ሕዋስ የሚያነቃቃው ወይም የሚገታውም ይኸው ኬሚካል ነው።

በ1943 ዋረን ማከሎክና ዋልተር ፒትስ ይህን ሁሉ ወደ አጭር ስሌት አሳጠሩት፦ ግብአቶቹን ደምር፤ ድምሩ ከመጠኑ ከደረሰ 1፣ ካልደረሰ 0 በል። በ1949 ዶናልድ ሄብ መማር ማለት አብረው በሚሠሩ ሕዋሳት መካከል ያለው ግንኙነት መጠንከሩ ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። በ1958 ፍራንክ ሮዘንብላት ስለ ፐርሰፕትሮን ባሳተመው ጽሑፍ፣ የግንኙነቶችን ክብደት እየተማረ የሚያስተካክል መረብ አስተዋወቀ።

ሆኖም በ1969 ማርቪን ሚንስኪና ሲይሞር ፓፐርት የአንድ ድርብ መረብን ወሰን አሳዩ። «ከሁለቱ አንዱ ብቻ እውነት ሲሆን አዎ በል» የሚለውን ቀላል ሕግ እንኳ ሊማር አይችልም ነበር። መፍትሔው ድርብርብ መረብ ነው፤ ነገር ግን የመካከለኛዎቹ ድርቦች ክብደት እንዴት ይታረም? በ1986 ሩመልሃርት፣ ሂንተንና ዊሊያምስ ስሕተትን ከመጨረሻው ድርብ ወደ ኋላ እያሰሉ እያንዳንዱን ክብደት ማረም ውጤታማ መሆኑን አሳዩ። የዛሬዎቹ ታላላቅ መረቦች የሚማሩት በዚሁ ዘዴ ነው።

እንግዲህ የተውነው ምንድን ነው? በመረቡ ውስጥ «ሕዋስ» የምንለው ቁጥር ነው፤ ኬሚካልም፣ የምት ጊዜም፣ አካልም የለውም። አንጎል በ20 ዋት ገደማ ኃይል ይሠራል፤ ታላላቅ መረቦችን ማሠልጠን ግን እጅግ ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈጃል። ሕፃን ልጅ ፍየልን ጥቂት ጊዜ አይቶ ይለያል፤ መረብን ከባዶ ለማስተማር በሺህ የሚቆጠር ሥዕል ያስፈልጋል።

ይህ የቃላት ክርክር አይደለም። የደረት ራጅ እንዲያነቡ የሠለጠኑ መረቦች ከሕመሙ ምልክት ይልቅ ራጁ የተነሣበትን ሆስፒታል ለይተው እንደሚማሩ በጥናት ታይቷል። እንዲህ ያለው መረብ በሠለጠነበት ስፍራ ብቁ መስሎ በሌላው ሊሳሳት ይችላል። «እንደ ሐኪም ያስባል» ብለን ካመንን አንመረምረውም። ከምሳሌዎች የተሰላ የክብደቶች ስብስብ መሆኑን ካወቅን ግን «ምሳሌዎቹ ከየት መጡ? በእኛ ሕሙማን ላይስ ተፈትሿልን?» ብለን እንጠይቃለን።

በአማርኛ ይህን ዘርፍ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» ብለነዋል። ስሙ ውብ ነው። ይሁንና ስሙን ለማሽኑ ብንሰጠውም፣ የማስተዋሉ ኃላፊነት ዛሬም የእኛው ነው።