የቡና ለቃሚዋ ገቢ በጋብቻዋና በወሊዷ ላይ

በሚዛን ተፈሪ፣ በበበቃና በቴፒ ዙሪያ ቡናው ሲደርስ እሸቱን ከሚለቅሙት፣ አልጋ ላይ ከሚያሰጡትና ከሚያበጥሩት ሠራተኞች መካከል የሴቶች ድርሻ ከፍተኛ ነው። ለቃሚዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈላቸው በለቀሙት ኪሎ ልክ ነው።

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በከተማ አንዲት ሴት በአማካይ 2.3፣ በገጠር ግን 5.2 ልጆች ትወልዳለች። ከልዩነቱ ምክንያቶች መካከል ትምህርትና የራስ ገቢ ይገኙበታል። ገንዘቧን በእጇ የምትይዝ ልጃገረድ ትምህርቷን ለመቀጠልም ሆነ ጋብቻን ለማዘግየት አቅም ታገኛለች። ይሁን እንጂ የለቀማ ሥራ የጥቂት ወራት ነው። ለቀማው ሲያበቃ ገቢው ይቆማል፤ ልጅቱም መተዳደሪያ ፍለጋ ወደ ትዳር ትገፋለች። ክፍያውን አባት ወይም ባል ከተቀበለው ደግሞ ድካሙ የእርሷ፣ ውሳኔው የሌላ ይሆናል።

ያገባችው ሠራተኛም ችግር አለባት። ነፍሰ ጡር ስትሆን የምትለቅመው ኪሎ ይቀንሳል፤ ስትወልድ ጨርሶ ይቀራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከክፍያ ጋር ዕረፍት እንዲሰጥ ያዛል። ነገር ግን የጊዜያዊ ሠራተኛ ውል ከለቀማው ጋር ስለሚያበቃ ብዙዎች ከዚህ መብት ሳይጠቀሙ ይቀራሉ።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ በጾታ ሳይለይ መሬት እንዲሰጥ ቢደነግግም በገበሬ ማኅበራት መዝገብ የሰፈረው በአብዛኛው የአባወራው ስም እንደነበር አይዘነጋም። ይህ ጉድለት በክፍያ መዝገብ ላይ ሊደገም አይገባም።

ስለሆነም የማኅበር መሪዎች የሚከተሉትን ቢፈጽሙ ውጤቱ የጎላ ይሆናል። አንደኛ፣ የለቃሚዋ ስም በራሷ እንዲመዘገብና ገንዘቧ በእጇ እንዲደርስ ማድረግ። ሁለተኛ፣ በለቀማ ወቅት ሕፃናት የሚቆዩበት ጥላና ጠባቂ በየጣቢያው ማዘጋጀት። ሦስተኛ፣ ለሽምግልና ሲጠሩ አስቀድሞ የልጅቱን ዕድሜ መጠየቅ፤ ከ18 ዓመት በታች የሆነችን ልጅ መዳር በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ያስቀጣልና።

ቡናን ለገበያ የሚያበቃ እጅ የራሱን ድርሻ ሊቆጥር ይገባዋል።