ባለ 3 ሚሊ ሜትር ብሎን ፍለጋ

ኢሉባቦር፣ ሁሩሙ ውስጥ ትልቅ ብሎን የሚቸግረው ሰው የለም። የግንባታ ዕቃ መሸጫዎች የቆርቆሮ ሚስማር፣ ማጠፊያ፣ ባለ 8 እና ባለ 10 ሚሊ ሜትር ብሎን ከነዳዶውና ከነሮንዴላው አላቸው። የሚጠፋው ትንሹ ነው፤ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድን በአራት ማዕዘኑ የሚያስረው ባለ 3 ሚሊ ሜትር፣ የላፕቶፕ ክዳን የሚይዘው ባለ 2 ወይም ባለ 2.5። ወደ ጥገና ሱቄ ብቅ ከሚሉት መካከል ይህንኑ የሚጠይቁ ወጣቶች ቁጥራቸው እየጨመረ ነው። የተበላሸ ስልክ ይዘው አይመጡም። «ጋሼ፣ እንዲህ ያለች ብሎን ትኖርዎታለች?» እያሉ በጣታቸው ጫፍ ልኳን ያሳያሉ። አንዱ የእንቁላል ማስፈልፈያ ጀምሯል፤ ሌላው የውሃ ታንከር ሲሞላ የሚጮህ ደወል፤ ከመቱ ዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የመጣች ተማሪ ደግሞ በቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ሙቀትና እርጥበት የሚለካ መሣሪያ።

ባለሱቆቹን አልወቅስም። በወር አራት ፍሬ ለሚፈለግ ዕቃ ገንዘቡን የሚያስር ነጋዴ የለም። አዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ መርካቶ ደግሞ እንዲህ ያለው ብሎን አብዛኛውን ጊዜ በፓኬት እንጂ በፍሬ አይሸጥም። የሚገዛልህ ሰው ግማሽ ቀኑን ያጠፋል፤ አውቶቡስ አለ፤ ስልክ አለ፤ የመጣው ልክ ያልሆነ እንደሆነም ሁሉም እንደገና ይጀመራል። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ፤ ከውጭ የሚገባው ሁሉ፣ ትንሿ ትራንዚስተር ሳትቀር፣ ተከትሎ ወጣ። ከቻይና በኢንተርኔት እንዘዝ የሚሉኝም አሉ። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ለሌለው ተማሪ ያ በር ዝግ ነው፤ ካርድ ያለው ዘመድ ቢገኝ እንኳ ለአራት ብሎን ብሎ ማስቸገር ይከብዳል።

ስለዚህ እኔ የምልካቸው ወደየቤታቸው ነው። በክረምቱ መብረቅ ወይም በመብራቱ መውጣት መውረድ የተቃጠለ የዲሽ ሪሲቨር ያልተቀመጠበት ቤት እዚህ አካባቢ ጥቂት ነው። ያ ሳጥን ሲከፈት የክዳኑ ብሎኖች አሉ፤ ቦርዱን ከታች ቆርቆሮ የሚለዩት እግሮች አሉ። ከፊት በኩል ባለ አራት አኃዝ ማሳያ፣ የሚጫኑ ቁልፎችና የሪሞቱን ጨረር የምትቀበለው ባለ ሦስት እግር ዕቃ ይገኛሉ፤ ይህች የመጨረሻዋ ብቻዋን ለአንድ ጀማሪ የብዙ ሳምንት ሥራ ትሆናለች። ከኃይል ክፍሉ ፈጣን ዳዮዶች፣ ፒሲ817 የሚባለው ኦፕቶካፕለርና ቲኤል431 ይወጣሉ። አንዳንዴ የተቃጠለው ዋናው ቺፕ ብቻ ሆኖ የኃይል ክፍሉ ጤነኛ ይሆናል፤ ያኔ 3.3፣ 5 እና 12 ቮልት የሚሰጥ ሙሉ ምንጭ በነፃ ተገኘ ማለት ነው። ከተቃጠለ ኃይል ቆጣቢ አምፖል ሥር ደግሞ 13003 የሚባለው ዓይነት ትራንዚስተር፣ 400 ቮልት የሚችል ትንሽ ካፓሲተርና ጥቅል ሽቦ ይገኛል። የመስታወቱን ቱቦ ግን አትስበሩ፤ ውስጡ ሜርኩሪ አለው። አሮጌ ዴስክቶፕ የተገኘ እንደሆነማ ፋን፣ ሽቦ፣ ሶኬትና እፍኝ ሙሉ ብሎን ተገኘ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ነው ዕቃውን ርካሽ የሚያደርገው፤ እሱም መለየት ነው። ሁሉንም ብሎን በአንድ ጣሳ ከትቶ ማስቀመጥ ምንም እንደሌለ ያህል ነው፤ ቀይ የቡና ፍሬ ከአረንጓዴው ካልተለየ ዋጋ እንደማያወጣ ማለት ነው። እዚህ ላይ ወጣቶቹ ብዙ የሚደናገሩበትን አንድ ነገር በዝርዝር ልናገር። ከአንድ ዴስክቶፕ ሳጥን ውስጥ ሁለት ዓይነት ብሎን ይወጣል። የዲቪዲ ማንበቢያውን የሚያስረው ሜትሪክ ባለ 3 ነው፤ ከጥርስ እስከ ጥርስ 0.5 ሚሊ ሜትር አለው። የሳጥኑን ክዳንና ባለ 3.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ የሚያስረው ግን በኢንች የሚለካው 6-32 የሚባለው ነው፤ ውፍረቱ 3.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ጥርሶቹ በ0.79 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። በዓይን መንታ ይመስላሉ። አንዱን በሌላው ዳዶ ውስጥ በካቻቢቴ አስገድዶ ያስገባ ሰው ግን ሁለቱንም አበላሸ።

ካሊፐር የሌለው ሰው ጥርሱን ይቁጠር። በ8 ሚሊ ሜትር ርዝመት ላይ ባለ 3ው 16 ጥርስ ሲኖረው 6-32 ግን 10 ብቻ አለው። ከዚህም የሚቀል ዘዴ አለ፤ ልኩ የታወቀ አንድ ብሎን ናሙና ይዞ፣ ያልታወቀውን ጎን ለጎን አጋድሞ ጥርስ ለጥርስ ማጋጠም ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ከገጠሙ አንድ ናቸው፤ መሃል ላይ ከተዛነፉ አይደሉም። ዳዶም ቢሆን መጀመሪያ ሁለት ዙር በጣት መግባት አለበት፤ በጣት እምቢ ያለውን ካቻቢቴ አያስተካክለውም። ወጣቶቹ የሚሠሩበት አርዱይኖ ኡኖ የሚባለው ቦርድ ቀዳዳው ባለ 3 ብሎን ይቀበላል፤ የራስበሪ ፓይ ቀዳዳ 2.75 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ባለ 2.5 ይፈልጋል። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ልጅ «ትንሿን ብሎን» አይለኝም፤ ውፍረቱንና ርዝመቱን ይነግረኛል፤ እኔም ከመደርደሪያው በአንድ አፍታ አወጣለታለሁ።

ኢሉባቦር የዝናብ አገር ነው። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ግድግዳው ሳይቀር ይረጥባል፤ በክፍት ጣሳ የተቀመጠ የብረት ብሎን ክረምቱ ሳይወጣ ይዝጋል። በጥቂት ዘይት ወልውሎ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ማሰሮ ማስቀመጥና ከግድግዳው ማራቅ ይበቃል። ለቦርድ እግር የሚሆነውን የነሐስ ዕቃ ግን ቅድሚያ ሰጥታችሁ ሰብስቡ፤ ውሃ አይበላውም፣ ደጋግሞም ይታሰራል። አረንጓዴ የወረዛበት ቦርድ ላይ ግን ጊዜ አታጥፉ፤ እግሮቹ ስታኞ አይዙም።

ሰው ስለ ቁጠባ ስናገር ይወዳል፤ አትቆጥቡ ስል ግን ያኮርፋል። ቢሆንም መናገር አለብኝ። ፊውዝ፣ ወደ 220 ቮልት የሚሄድ ሽቦ፣ ሶኬትና መሰኪያ በአዲስ ይገዛሉ። ሽፋኑ የደረቀ አሮጌ ገመድ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ገብቶ ለሳምንታት ሌት ተቀን ሲሠራ ምን ሊያመጣ እንደሚችል የሚያውቅ ሰው በዚህ ብር አያተርፍም። አናቱ ያበጠ ካፓሲተር ይጣላል። ከላፕቶፕ ባትሪ የሚወጡት 18650 የሚባሉት ሴሎች ጥሩ ሀብት ናቸው፤ ነገር ግን ሞልቶ 4.2 ቮልት የሚደርሰውን ሴል ያለ መከላከያ ቦርድ ቻርጅ ማድረግ፣ ወይም የተጨማደደና የሚሞቀውን «ለጊዜው» ብሎ ማስገባት እሳት መጥራት ነው። የሪሲቨሩን የኃይል ክፍል ስትከፍቱም፣ ከሶኬት ነቅላችሁት እንኳ ትልቁ ካፓሲተር 310 ቮልት ገደማ ይዞ ሊቆይ ይችላል። በሬዚስተር አፍስሱት፤ በቴስተር ለኩት፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ንኩት።

የእንቁላል ማስፈልፈያውን የጀመረው ልጅ ሥራ ይህን ሁሉ አንድ ላይ ያሳያል። የዶሮ እንቁላል 37.5 ዲግሪ አካባቢ እንደተጠበቀ 21 ቀን ይፈልጋል፤ ሙቀቱ ሳጥኑ ውስጥ እኩል እንዲዳረስም ፋን ያስፈልጋል። ፋኑን ከሞተ የኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ አወጣን፤ ባለ 12 ቮልት ነው። ኃይሉን ከአሮጌ ሞደም የተረፈ አዳፕተር ሰጠው። የሙቀት መቆጣጠሪያዋን ትንሽ ቦርድ፣ ፊውዙን፣ ሽቦውንና የአምፖል መያዣውን በአዲስ ገዛ። ሥራውን ያቆመው ግን ፋኑን ከሳጥኑ ጋር የሚያስር ብሎን ነበር። የፋኑ ቀዳዳ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ብሎን ይቀበላል፤ ውፍረቱ 25 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ የኮምፖርሳቶው ሲጨመር፣ ረጅም ብሎን ይጠይቃል። ከሪሲቨርም ከዴስክቶፕም እንዲህ ያለ አይወጣም። በማሰሪያ ሽቦ ሊያስረው ነበር፤ እኔ አልተስማማሁም፣ ፋን ሲንቀጠቀጥ ሽቦ ይላላል። ብሎኑ የተገኘው እንጨት ሥራ ቤት ነው። የበር እጀታን ከሁለቱም ወገን የሚያያይዘው ረጅሙ ብሎን ባለ 4 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ከተቀየሩ አሮጌ እጀታዎች የተረፈ በመሳቢያ ውስጥ ተጠራቅሞ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለሚመጡት ሁሉ የምለው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በኤሌክትሮኒክስ ቤት ብቻ እንዳይፈልጉ ነው። የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኙ ጥቃቅን ብሎንና ስፕሪንግ አለው። የብስክሌትና የሞተር ጠጋኙ ኩሽኔታ አለው። ቆራሌው በኪሎ የሚገዛው ብረት ውስጥ አንዳንዴ ሙሉ ፕሪንተር ይገኛል፤ ፕሪንተር ማለት ደግሞ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ፣ ጥርሳም ቀበቶና በእርከን የሚዞር ሞተር ማለት ነው። አዲስ አበባ ምናለሽ ተራ የሚሠራውም ይኸው ነው፤ እዚያ የተጣለ ነገር ተለይቶ ዋጋ ያገኛል። በየከተማችን ትንሽ ምናለሽ ተራ መኖር የሚችል ይመስለኛል።

የማይገኘውን ደግሞ በጋራ ማስመጣት ነው። ሁሩሙ፣ ያዮና መቱ ያለን ጠጋኞች የየራሳችንን አራት አራት ፍሬ ከምንለምን፣ አንድ ዝርዝር ብናወጣና አንድ ፓኬት ብንካፈል የመንገዱ ዋጋ ለሁላችንም ይከፋፈላል። ዝርዝሩ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን፤ የብሎኑ ውፍረት፣ ርዝመት፣ የአናቱ ቅርፅ፣ ከማስመሪያ ጎን የተነሳ ፎቶ ታክሎበት በቴሌግራም ይላክ። መርካቶ የሚሄደው ሰው የኤሌክትሮኒክስ ዕውቀት ባይኖረው እንኳ ፎቶውን ለሻጩ ያሳያል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የተቆለፉት መጋዘኖች ናቸው። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የሳተላይት ትምህርት ሲጀመር፣ ተማሪው ሁሉ «ፕላዝማ» የሚለው ትልቅ ቴሌቪዥን በየክፍሉ ተሰቅሎ ነበር። ያን ጊዜ የተማሩት ዛሬ የልጆች ወላጆች ናቸው፤ ከማሳያዎቹ ስንቶቹ በአገሪቱ ትምህርት ቤቶች መጋዘን እንደተደረደሩ አስቡት። ከአንዱ ጀርባ ብቻ ሰፊ የአሉሚኒየም ሙቀት ማስወጫ፣ ብዙ የቦርድ እግርና ባለ 3 እና ባለ 4 ሚሊ ሜትር ብሎን ይወጣል። አሮጌ ኮምፒዩተሮችና ፕሪንተሮችም በየቢሮው አሉ። የመንግሥት ንብረት እንዲሁ አይሰጥም፤ ኮሚቴ አለ፣ መዝገብ አለ፣ በ2010 ዓ.ም. የወጣ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ውጋጅ ደንብም አለ። ሥርዓቱ ይጠበቅ። የምጠይቀው ከሥርዓቱ ጋር የማይጋጭ ነገር ነው፦ ንብረቱ እንዲወገድ ተወስኖ በኪሎ ከመሸጡ በፊት፣ የሳይንስ ክበብ ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር ካቻቢቴ ይዘው ለግማሽ ቀን ይግቡ። የፕላዝማው ኃይል ክፍል ከፍተኛ ቮልት ስላለው እሱን መምህሩ ወይም ጠጋኝ ይክፈተው፤ ሌላውን ልጆቹ ይፍቱት። ከአንድ መጋዘን የሚወጡት ጥቃቅን ብሎኖች ተሰብስበው ኪሎ ቢሞሉ ነው፤ ገዥው በሚዛኑ ላይ ልዩነቱን አያየውም። ክበቡ ግን ለዓመታት የሚበቃ ብሎን ይኖረዋል። እኔም ሱቄን ዘግቼ ልረዳ ፈቃደኛ ነኝ፤ ቴስተሩንና ማሰሮዎቹን ይዤ እመጣለሁ።