ፀሐይ ወይስ ቆጣሪ?

የምደባ ወቅት በተቃረበ ቁጥር በየመኝታ ክፍላችን የማይቀር ክርክር አለ። «ገጠር ከደረሰኝ ሶላር ገዝቼ ነው የምሄደው» ይላል የአንኮበሩ ጓደኛችን። «ምን በወጣህ! በዚያ ገንዘብ የስንት ዓመት መብራት ትከፍልበታለህ» ይለዋል የደብረ ብርሃኑ ልጅ። ሁለቱም ይጮሃሉ እንጂ ሂሳቡን የሠራው አልነበረም። ስለዚህ ብዕርና ወረቀት ይዘን ተቀመጥን።

ባለ 10 ዋት ትንሽ ሰሌዳ እንውሰድ። በቀን የ5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ካገኘች 50 ዋት ሰዓት ታመነጫለች፤ በወር 1.5 ኪሎ ዋት ሰዓት መሆኑ ነው። በሌላ በኩል የመብራት ኃይል ታሪፍ ለመጀመሪያው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ለብዙ ዓመታት በኪሎ ዋት ሰዓት 27.3 ሳንቲም ነበር። ሲባዛ፣ ሰሌዳዋ ወር ሙሉ የሰበሰበችው ኃይል በዚያ ታሪፍ 41 ሳንቲም ቢያወጣ ነው! ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ታሪፉ በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ተደርጓል፤ ቢሆንም አራት እጥፍ ቢያድግ እንኳ ሂሳቡ ሁለት ብር አይሞላም። እስከዚህ ድረስ የከተማው ልጅ ረትቶናል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ልክ የሚሆነው ምሰሶው ደጃፍ ላይ ከቆመ ነው። ከአንኮበር ቁልቁል ወደ ቆላው ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ አንዱ ጎጆ ከገደሉ አፋፍ፣ ሌላው ከሸለቆው ማዶ ነው። ለእያንዳንዱ ምሰሶ፣ ሽቦ፣ ትራንስፎርመርና ቆጣሪ ሊደርስለት ነው። ኃይሉ ርካሽ ነው፤ ውዱ መንገዱ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተከለሰው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ማዳረስ ፕሮግራምም ይህን አይቶ፣ እስከ 2025 እ.ኤ.አ. 65 በመቶውን ሕዝብ በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጭ ለማዳረስ አስቦ ነበር። የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ብዙ የገጠር ቤት ግን ዛሬም በኩራዝ ያመሻል።

እንግዲህ መስመር በሌለበት የሶላር ተፎካካሪ ቆጣሪው ሳይሆን ኩራዙ ነው። ላምባ በየሳምንቱ በጠርሙስ ይገዛል፤ ጭሱ የሚያነበውን ልጅ ዓይን ያቃጥላል። ባለ 2 ዋት ሦስት አምፖሎች ግን ለ5 ሰዓት ሲበሩ የሚፈጁት 30 ዋት ሰዓት ብቻ ነው። በባትሪው የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ ትንሿ ሰሌዳ ትችለዋለች።

ሩቅ ሳንሄድ፣ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ሬማ የሚባል መንደር አለ። ሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት ከ1999 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከአንድ ሺህ በላይ ቤቶች ላይ እንዲህ ያሉ ትናንሽ ሰሌዳዎች ተክሎበታል። እኛን የሳበን ግን ከሰሌዳው ይልቅ አሠራሩ ነው፤ ባለቤቶቹ በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ለጥገና ያዋጡ ነበር፣ ባለሙያዎችም እዚያው ይሠለጥኑ ነበር።

ጥገናው ለምን ይህን ያህል ቁም ነገር ሆነ? ሰሌዳው ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ይሠራል፤ ባትሪው ግን እንደዚያ አይደለም። የእርሳስ ባትሪ ጨርሶ እየተሟጠጠ ካደረ በጥቂት ዓመት ያረጃል። ከመካከላችን አንዷ ከገበያ በርካሽ የገዛችው ሁለተኛ ክረምት ሳያይ ሞተ፤ ዋስትና የሚባል ነገር አልነበረውም። ሊቲየሙ ሲገዙት ይወደዳል፣ ዕድሜው ግን ይረዝማል። ብርድ ሰሌዳውን ይጎዳዋል የሚሉም አሉ፤ ተሳስተዋል። የሚሠራው በብርሃን እንጂ በሙቀት አይደለም፤ እንዲያውም ሲቀዘቅዝ ይሻለዋል (የደብረ ብርሃን ውርጭ ለዚህ እንኳ ይጥቀመን!)። የሚያስቸግረው የሐምሌና የነሐሴ ጉም ነው፤ ያኔ ከሦስቱ አምፖል አንዱን ማጥፋት ሊኖር ነው።

እንጀራውስ? የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይጠይቃል። ለአንድ ሰዓት ጋገራ ትንሿ ሰሌዳችን 70 ቀን ሙሉ ፀሐይ መሞቅ አለባት! ስለዚህ ሶላር ያስገባ ቤትም ኩበት ማንደዱን አይተውም፤ ለማሳው ማዳበሪያ መሆን የነበረበት ኩበት። ገበሬው ምሰሶውን መጠበቁን የማይተወው ለዚህ ነው፣ ልክም ነው።

የአንኮበሩ ጓደኛችን ሐሳቡን አልለወጠም፤ ግን ከመግዛቱ በፊት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ ብሏል፦ መስመሩ በዚህ ዓመት ይደርሳል ወይ? ባትሪው ምን ዓይነት ነው? ሲበላሽ የሚጠግነው ማነው? የደብረ ብርሃኑ ልጅ ደግሞ፣ ምሰሶ የሌለበት ቀበሌ ከደረሰው፣ ግማሹን አዋጥቶ አብሮ ሊገዛ ተስማምቷል።